ክፍልፋይ ለሁላችን፦ በለስላሳ ሣጥን፣ በሲባጎና በሩብ ኪሎ

(የሒሳብ ዐምድ)

እኔ የሚኒ ሚዲያ ክበባችን አባልና የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በዚህ እትም የምጽፍላችሁ ስለ ክፍልፋይ ነው። ጎበዝ ስለሆንኩ ግን አይደለም። እንዲያውም ባለፈው ሴሚስተር በክፍልፋይ ፈተና ከ10 ያመጣሁት 3 ነበር። ወረቀቱ ጥግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ 3/10 ተብሎ ተጽፎ ሲመለስልኝ አንድ ነገር ገረመኝ፤ ክፍልፋይ አለማወቄ የተነገረኝ በክፍልፋይ ነበር።

የኛ ክፍል ተማሪዎች 62 ነን። ከቺሮ ከተማ ውስጥ የመጣን አለን፣ ከዙሪያው ገጠር በእግራቸው የሚመጡ አሉ፣ ከሂርናና ከበዴሳ ተዛውረው የገቡም አሉ። እቤታቸው አማርኛ የሚያወሩ አሉ፣ አፋን ኦሮሞ የሚያወሩ አሉ፣ ሁለቱንም የሚቀላቅሉ አሉ። አንዱ ቶሎ ይገባዋል፣ ሌላው ሦስት ጊዜ ካልተነገረው አይገባውም። ሰሌዳው ግን አንድ ነው። መምህሩ አንዴ ጽፎ ሲያጠፋው የገባው ገባው፣ ያልገባው ቀረ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የክፍልፋይ ትምህርት ብቻ ሳይሆን፣ ለ62 የተለያየ ሰው አንድ ትምህርት እንዴት ሊዳረስ እንደሚችል ያየሁትን የምናገርበት ነው።

1. ስህተታችን ምን ነበር?

ከፈተናው በኋላ መምህራችን ወረቀታችንን ሰብስበው ሁላችንም የምንሳሳተው ሁለት ቦታ ላይ መሆኑን አገኙ።

የመጀመሪያው ስህተት 1/3 እና 1/4 ሲወዳደሩ 1/4 ይበልጣል ማለት ነው። ለምን? 4 ከ3 ስለሚበልጥ! እኔም እንደዚያ ነው የጻፍኩት። ግን አንድ ዳቦ ለሦስት ልጅ ሲካፈልና ለአራት ልጅ ሲካፈል የትኛው ልጅ ነው የበለጠ የሚበላው? ለሦስት የተካፈለው ነው። እንግዳ ሲጨመር ቁራሹ ያንሳል። ይሄንን እቤታችን ሁላችንም እናውቃለን፤ ደብተር ላይ ሲሆን ግን እንረሳዋለን።

ሁለተኛው ስህተት 1/2 + 1/3 = 2/5 ብሎ መጻፍ ነው። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት መደመር ማለት ነው። (ላዕል ማለት ከላይ ያለው ቁጥር፣ ታህት ማለት ከታች ያለው ነው።) መልሱ ስህተት መሆኑን ሳናሰላ እንኳን ማወቅ እንችላለን። የ5 ግማሽ ሁለት ተኩል ነው፤ ስለዚህ 2/5 ከግማሽ ያንሳል። ግማሽ ዳቦ ይዤ ሌላ ሲሶ ዳቦ ተጨምሮልኝ እንዴት ከግማሽ በታች ይኖረኛል? አይሆንም። ከዚህ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ መልስ ካገኛችሁ በኋላ «ይሄ ነገር ያስኬዳል ወይ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

2. ሦስቱ ጠረጴዛዎች

መምህራችን መጀመሪያ የሞከሩት እኛን በሦስት መክፈል ነበር። ከ0 እስከ 4 ያመጣን በመስኮቱ በኩል፣ ከ5 እስከ 7 ያመጡ መሐል፣ ከ8 በላይ ያመጡ በበሩ በኩል። ለእኛ ቀላል ጥያቄ፣ ለእነሱ ከባድ ጥያቄ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ነገር ግን በሁለተኛው ቀን አንድ ልጅ የኛን ጠረጴዛ «የሰነፎች ጠረጴዛ» አለው፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ እኔ መጠየቅ አቆምኩ። አጠገቤ የነበረችው ልጅ ደግሞ ጭራሽ ሦስት ቀን ቀረች።

እውነቱን ለመናገር እቤት ሄጄ አልቅሻለሁ። እናቴ ሰምታ ለመምህራችን ነገረቻቸው። መምህራችን በማግስቱ ጠሩኝና፣ «አጥፍቻለሁ፤ ሰውን አልነበረም መክፈል የነበረብኝ፤ መንገዱን ነው» አሉኝ። ያን ጊዜ ብዙም አልገባኝም ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ያደረጉትን ሳይ ገባኝ። ጠረጴዛዎቹ ሦስት ሆነው ቀሩ፤ ጥያቄው ግን ለሁላችንም አንድ ሆነ። የተለያየው በየጠረጴዛው ላይ ያለው ዕቃ ነው። በአንዱ ላይ ባዶ የለስላሳ ሣጥንና ቆርኪ፣ በሌላው ላይ ሲባጎና ወረቀት፣ በሦስተኛው ላይ ሚዛንና የገበያ ጥያቄ። ማንም የፈለገው ጠረጴዛ ይጀምራል፣ ከዚያ ይዞራል። የሰነፍ የሚባል ጠረጴዛ ቀረ።

3. የለስላሳው ሣጥን

የለስላሳ መጠጥ ሣጥን 24 ጉድጓድ አለው፤ በአንድ በኩል 4፣ በሌላ በኩል 6። ቆርኪ ደግሞ ከየሱቁ በር ለቅመን አመጣን። ጥያቄው ያው 1/2 + 1/3 ነው።

የ24 ግማሽ 12 ነው፤ 12 ቆርኪ እንጨምር።
የ24 ሲሶ 8 ነው፤ 8 ቆርኪ እንጨምር።
ድምሩ 20 ጉድጓድ ሞላ። ስለዚህ 20/24 ነው። ላዕሉንም ታህቱንም ለ4 ስናካፍል 5/6 ይሆናል።

እኔ መጀመሪያ ጊዜ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። 1/2 እና 1/3 ቁራሻቸው እኩል ስላልሆነ ዝም ብሎ አይደመርም። ብርና ሳንቲም ሳይመነዘር እንደማይደመር ማለት ነው። ሁለቱንም ወደ እኩል ቁራሽ (ወደ ጉድጓድ) ስንለውጣቸው ግን በቃ መቁጠር ብቻ ነው። ይህ ነው የጋራ ታህት የሚባለው።

ቆርኪውን ካወቅን በኋላ ሣጥን አያስፈልግም። ለ2ም ለ3ም እኩል የሚካፈለው ትንሹ ቁጥር 6 ነው፤ ትንሹ የጋራ ብዜት ይባላል። 1/2 = 3/6፣ 1/3 = 2/6፣ ድምሩ 5/6። ያው መልስ በአጭር መንገድ መጣ።

ሣጥኑ ግን ለሁሉም አይሆንም። 1/5 ሲባል 24 ለ5 አይካፈልም። ያኔ አንዲት ልጅ «የእንቁላል ማስቀመጫስ?» አለች። ማስቀመጫው 5 በ6 ነው፣ 30 እንቁላል ይይዛል። የ30 አንድ አምስተኛ 6 ነው፣ አንድ ስድስተኛ ደግሞ 5። ለ1/7 ሁለቱም አይሆኑም። ለምን እንደማይሆኑ እናንተ አስቡት።

4. ሲባጎው

በክፍላችን ዓይኑ በደንብ የማያይ ልጅ አለ። ፊት ተቀምጦም ሰሌዳው ላይ ያለውን 3/8 ይሁን 3/6 አይለይም። ሁልጊዜ ከጎኑ ያለው ልጅ በሹክሹክታ ይነግረዋል፣ መምህራን ደግሞ «ዝም በሉ» ይሏቸዋል።

ሲባጎ ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። አንድ ዓይነት ርዝመት ያላቸው ሲባጎዎች ቆረጥን። አንዱን ሁለት አጥፈን መሐሉ ላይ ቋጠርን፤ ይሄ ግማሽ ነው። አንዱን ሦስት አጥፈን ሁለት ቋጠሮ አደረግን። ሌላውን አራት አጥፈን ሦስት ቋጠሮ። ከዚያ ጫፋቸውን አንድ ላይ ይዘን በጣታችን መዳሰስ ነው። ከጫፉ ተነስቶ እስከ መጀመሪያው ቋጠሮ ድረስ የቱ ይረዝማል? ያ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ በአንድ ጊዜ «ሲሶው ከሩቡ ይረዝማል» አለ። እኛ ዓይን ያለን በፈተናው ላይ የተሳሳትነውን እሱ በጣቱ አገኘው። ቀጥሎም 2/4 ያለው ቋጠሮ ከ1/2 ቋጠሮ ጋር አንድ ቦታ መሆኑን ያሳየን እሱ ነው። አቻ ክፍልፋይ ማለት ይሄ ነው፤ ስሙ ይለያያል እንጂ ቦታው አንድ ነው።

ወረቀትም ጥሩ ነው፣ ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን ከሆነ። ክብ ነገርን ለሦስት እኩል ማጠፍ ያስቸግራል። አራት ማዕዘኑን ወረቀት ሦስት ቦታ አጥፋችሁ፣ በሌላ በኩል ሁለት ቦታ ብታጥፉት ስትዘረጉት 6 ቁራሽ ታያላችሁ። ስለዚህ የ1/3 ግማሽ 1/6 ነው። ማባዛት ማለት ይኸው ነው።

5. ከአራት እጅ አንዱ

አሁን የምነግራችሁን ነገር ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ። ከገጠር ቀበሌ መጥታ ዘንድሮ የገባች አንዲት ልጅ አለች። እስከ 6ኛ ክፍል የተማረችው በአፋን ኦሮሞ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ይል ስለነበር፣ በዞናችን ብዙ ትምህርት ቤቶች በአፋን ኦሮሞ ያስተምራሉ። እሷ ወደኛ ስትመጣ አማርኛው ስለከበዳት ዝም ትል ነበር። ዝም ስላለች የማታውቅ መስሎን ነበር።

አንድ ቀን መምህራችን 1/4ን በአፋን ኦሮሞ እንድታነብልን ጠየቋት። «ሀርከ አፉር ኬሳ ቶኮ» አለች። ኦሮምኛ የምንችለው ወዲያው ተረጎምነው፤ «ከአራት እጅ አንዱ» ማለት ነው። ከዚያ መምህራችን ቆም አሉና «ልጆች፣ በአማርኛስ አያቶቻችሁ እንዲሁ አይደለም ወይ የሚሉት?» አሉ። እውነት ነው! አያቴ «ከሦስት እጅ ሁለቱ» ይላሉ እንጂ «ሁለት ሦስተኛ» አይሉም። በሁለቱም ቋንቋ ድርሻው «እጅ» ነው።

እስኪ ልብ በሉ። «አንድ አራተኛ» ስንል ላዕሉን ነው የምናስቀድመው። «ከአራት እጅ አንዱ» ስንል ግን መጀመሪያ ስንት ቦታ እንደተከፈለ ነው የምንናገረው፤ ከዚያ ስንቱን እንደወሰድን። አሠራሩም እንደዚያ ነው፤ መጀመሪያ ይቆረጣል፣ ቀጥሎ ይነሣል። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ 3/8 ሳይ በልቤ «ከስምንት እጅ ሦስቱ» ብዬ ነው የማነበው። ግማሽ ወለካ፣ ሩብ ደግሞ ኩርማና እንደሚባልም ከእሷ ተማርን። እሷም ከዚያ በኋላ እጇን ማውጣት ጀመረች።

6. ሩብ ኪሎ

ሌላው ጓደኛችን ከእናቱ ጋር ገበያ ላይ ቡናና ሽንኩርት ይሸጣል። በገበያ ቀን ከትምህርት ይቀራል። በፈተናው ከኔም ያነሰ ነው ያመጣው።

መምህራችን ሰሌዳ ላይ 2 ÷ 1/4 ብለው ጻፉ። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዳንዱ 1/2 አለ፣ አንዳንዱ 2/4 አለ። ከዚያ ወደሱ ዞረው፣ «ሁለት ኪሎ ቡና አለህ፤ እማማ መጥተው በሩብ በሩብ ኪሎ ቋጥርልኝ ቢሉህ ስንት ይወጣሃል?» አሉት። አፉን ሳይዝ «ስምንት!» አለ። ስምንት ነው መልሱ። ማካፈል ሁልጊዜ ያሳንሳል ብለን እናስብ ነበር፤ በክፍልፋይ ስናካፍል ግን ሊበዛ ይችላል፤ ምክንያቱም የምንጠይቀው «በ2 ውስጥ ስንት ሩብ አለ?» ብለን ነው።

ሳንቲምም እንዲሁ ነው። ታላላቆቻችን ስሙኒ የሚሉት 25 ሳንቲም የብር ሩብ ነው፤ ሽልንግ የሚሉት 50 ሳንቲም ግማሽ ነው። ሰዓት ስንናገርም «ለሦስት ሩብ ጉዳይ»፣ «አራት ሰዓት ተኩል» እንላለን። ክፍልፋይ ከደብተሩ በፊት አፋችን ላይ ነበር ማለት ነው።

7. ቀድመው ለሚጨርሱ

ጎበዞቹስ? እነሱም ተማሪዎች ናቸው። ቶሎ ስለጨረሱ ዝም ብለው መቀመጥ ወይም ያንኑ ዓይነት ጥያቄ አሥር ጊዜ መሥራት የለባቸውም። ለነሱ የተሰጡት ጥያቄዎች ረዣዥም ሳይሆኑ ጠለቅ ያሉ ነበሩ። ሦስቱን ልንገራችሁ።

ሀ) 3 ዳቦ ለ4 ልጅ በስንት መንገድ ይካፈላል? አንዱ እያንዳንዱን ዳቦ አራት ቦታ ቆርጦ ለእያንዳንዱ ልጅ 3 ሩብ ይሰጣል፤ 3/4 ነው። ሌላው ሁለቱን ዳቦ ለሁለት ቆርጦ ግማሽ ግማሽ ያድላል፣ የቀረውን አራት ቦታ ቆርጦ ሩብ ሩብ ይጨምራል፤ 1/2 + 1/4 = 3/4። የጥንት ግብፆች በሁለተኛው መንገድ ነበር የሚጽፉት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ዓመት ገደማ አሕሞስ የተባለ ጸሐፊ በፓፒረስ ላይ በገለበጠው የሒሳብ መጽሐፍ፣ ክፍልፋይ ከ2/3 በስተቀር በአብዛኛው ላዕላቸው 1 በሆኑ ክፍልፋዮች ድምር ነው የሚጻፈው። በዚያው ላይ ዳቦ ለ10 ሰው ማካፈልም አለ። ፓፒረሱ ዛሬ ለንደን ባለው የብሪታኒያ ሙዚየም ይገኛል። እኛ ደግሞ በቺሮ ያንኑ ጥያቄ እንሠራለን።

ለ) ጳጉሜን ለምንድነው አንዳንዴ 6 ቀን የምትሆነው? ዓመት 365 ቀንና ሩብ ያህል ስለሆነ ነው። በአራት ዓመት 4 × 1/4 = 1 ሙሉ ቀን ይጠራቀማል፤ እሱ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ይጨመራል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ጳጉሜን 6 ነበረች፤ የሚቀጥለው በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ ነው።

ሐ) ይሄኛውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ከአያቴ ነው የሰማሁት። የአያቴ አባት የሰው መሬት ነበር የሚያርሱት። በዚያን ዘመን ምርቱን ለባለመሬቱ ግማሽ የሚሰጥ እኩል አራሽ፣ ሲሶ የሚሰጥ ሲሶ አራሽ፣ ሩብ የሚሰጥ እርቦ አራሽ ይባል ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት አዋጅ ነው ይህ የቀረው። አያቴ «አባቴ ማረስ እንጂ መቁጠር አልተማሩም፤ ስንት እንደቀረላቸው የሚያውቁት ጎተራው ሲጎድል ነበር» ይላሉ።

እንግዲህ 30 ኩንታል ማሽላ ተመርቷል እንበል። መጀመሪያ አሥራት (1/10) ይነሣል፣ ከዚያ ሲሶ ይነሣል። ሲሶው ከቀረው ላይ ከሆነ፦ 30 − 3 = 27፣ የ27 ሲሶ 9፣ ለአራሹ የሚቀረው 18 ኩንታል። ሲሶው ከጠቅላላው ላይ ከሆነ ግን፦ አሥራቱ 3፣ ሲሶው 10፣ የሚቀረው 17 ኩንታል። አያችሁ? «ሲሶ» የሚለው ቃል አልተለወጠም። የምን ሲሶ? ብሎ ያልጠየቀ ሰው አንድ ኩንታል ያጣል። አንድ ኩንታል ለአንድ ቤተሰብ ትንሽ አይደለም። ክፍልፋይ ሁልጊዜ «የምን?» የሚል ጥያቄ አብሮት እንዳለ የገባኝ ያኔ ነው።

8. የኔ አስተያየት

ለተማሪዎች፦ ጓደኛችሁ ሲሳሳት አትሳቁበት። ሣቁ አንድ ደቂቃ ነው፤ የሚያመጣው ዝምታ ግን ሴሚስተሩን ሙሉ ነው። አስረዱኝ ስትባሉም መልሱን ከመናገራችሁ በፊት ቆርኪውን ወይም ሲባጎውን አቅርቡለት።

ለመምህራን፦ በትሕትና ነው የምናገረው። 62 ተማሪ ይዞ ለየአንዳንዱ መድረስ ከባድ መሆኑን እናውቃለን። ግን ሣጥኑም ቆርኪውም ሲባጎውም ምንም ገንዘብ አላስወጣንም። ጥያቄው አንድ ሆኖ መንገዱ ሦስት ቢሆን ይበቃል። ማን የት እንደሚቀመጥም በውጤት ባይሆን ደስ ይለናል። ዓይኑ ለሚደክመው በትልቁ መጻፍ፣ ቋንቋው ለሚከብደው አንድ ቃል በቋንቋው መጠየቅ ብዙ ይለውጣል።

በመጨረሻው ፈተና 7/10 አምጥቻለሁ። 10 አላመጣሁም፤ ክፍልፋይን ለክፍልፋይ ማካፈል ላይ አሁንም እደናገራለሁ። ዝም ብላ ሦስት ቀን የቀረችው ልጅ 6 አምጥታለች። ገበያ የሚሸጠው ጓደኛችን ግን ፈተናው በገበያ ቀን ስለነበር አልተፈተነም። አሁን ተራ ገብተን የቀኑን ትምህርት በአንድ ወረቀት ጽፈን ከትምህርት ስንወጣ እናቱ ጋ እናደርስለታለን። ድጋሚ እንዲፈተን መምህራችን ፈቅደውለታል። ስለዚህ ይህ ታሪክ ገና አላለቀም፤ ከአራት እጅ ሦስቱ ብቻ ነው ያለቀው።

መልመጃ (ከፈለጋችሁት ጀምሩ፣ በፈለጋችሁት ዕቃ ሥሩ)

1. ከ3/8 እና ከ1/3 የትኛው ይበልጣል? (በ24 ጉድጓድ ሞክሩት።)
2. 1/4 + 1/6 ስንት ነው?
3. 3 ኪሎ ሽንኩርት በግማሽ በግማሽ ኪሎ ቢቋጠር ስንት ይወጣዋል?
4. 1/5 + 1/6 በእንቁላል ማስቀመጫ ላይ ስንት ነው?

መልስ፦ 1) 9 ጉድጓድና 8 ጉድጓድ፤ ስለዚህ 3/8 ይበልጣል። 2) 10/24 ወይም 5/12። 3) 6። 4) 11/30።

ሳትሠሩ መልሱን ያያችሁ ካላችሁ ለኔ አትንገሩኝ። ሌላ መንገድ ያገኛችሁ ግን በወረቀት ጽፋችሁ በሚኒ ሚዲያ ክፍላችን በር ላይ ባለው ሣጥን ክተቱልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።